አሮጌው የቱሪያ መውረጃ፤ የቫሌንሲያ ሕዝብ ስለ ወንዙ ያደረገው ሙግት

በእስፓንያ ምሥራቃዊ ጠረፍ በምትገኘው በቫሌንሲያ ከተማ መካከል ወንዝ የማይወርድበት የወንዝ መውረጃ አለ። ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግራና በቀኝ የጥንት የድንጋይ ግንብ ያጠረው ሲሆን፥ በላዩ ከ15ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የተሠሩ ድልድዮች ተዘርግተውበታል፤ ከድልድዮቹ ሥር ግን በውሃ ፈንታ የብርቱካንና የዘንባባ ተክል፥ የጥድ ጥላ፥ የኳስ ሜዳ፥ ሕፃናትን የሚያጫውቱ እናቶችና በአግዳሚ ወንበር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይታያሉ። ይህን አይቶ የሚደነቅ እንግዳ የነገሩን ምክንያት ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ይኸውም በ1957 ከባድ ጎርፍ መጣ፤ መንግሥት ወንዙን ወደ ደቡብ አዞረው፤ ንጉሡ ባዶ የቀረውን መሬት ለከተማይቱ ሰጡ፤ መሐንዲሶችም መናፈሻ አደረጉት የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዚህ መልስ ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል የለም። ነገር ግን ጎርፉ፥ መንግሥቱ፥ ንጉሡና መሐንዲሱ ሁሉም ተጠቅሰው ሳለ የከተማው ሕዝብ ከታሪኩ ወጥቶ ቀርቷል። እንዲህ ያለው አተራረክ በከተሞች ታሪክ ዘንድ የተለመደ ነው፤ መናፈሻ ሁሉ የአንድ ለጋሽ ስጦታ ወይም የአንድ ነዳፊ ጥበብ ሆኖ ይነገራል። የእኔ አሳብ ግን የቱሪያ መናፈሻ ከሁሉ በፊት የሙግት ውጤት ነው የሚል ነው። ሙግቱም በ1970ዎቹ ዓመታት በድንገት የተነሣ አይደለም፤ ወንዙን የጋራ ንብረት አድርጎ የሚቈጥር፥ ስለ እርሱም ተሰብስቦ የሚፈርድ፥ መዋጮም የሚያዋጣ ልማድ በዚያ አገር ብዙ ምእት ዓመታት አስቈጥሯል። ይህን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ቱሪያ ከአራጎን ተራሮች ተነሥቶ በሜዲቴራኒያን ባሕር የሚጨርስ ወንዝ ነው። ጓዳላቪያር የሚባል ሁለተኛ ስም አለው፤ ይህም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ነጭ ወንዝ» ማለት ነው። ሮማውያን ቫሌንሲያን በ138 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲቈረቍሯት በዚሁ ወንዝ ዳር ነበር። የወንዙ ጠባይ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም። አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ውሃው ቀጭን ነው፤ ያለውም ከከተማው በላይ በየቦዩ እየተጠለፈ ወደ እርሻ ስለሚሄድ ከተማው ዘንድ ሲደርስ ጠጠሩ ይታያል። በመጸው ወራት ግን ከባሕር የሚነሣው ደመና ከተራራው ጋር ሲገናኝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወራት ዝናብ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ወንዙ የእኛ ባላገር ደራሽ ብሎ የሚጠራው ዐይነት ይሆናል። እንግዲህ የቫሌንሲያ ሰው ከወንዙ ጋር ሁለት ዐይነት ጕዳይ ነበረው፤ አንዱ ጥቂቱን ውሃ መካፈል፥ ሁለተኛው ብዙውን ውሃ መከላከል ነው። ለሁለቱም ጕዳይ ሸንጎ አቋቁሟል።

የመጀመሪያው የውሃ ዳኞች ሸንጎ ነው። ይህ ሸንጎ ሐሙስ ሐሙስ፥ ልክ በቀትር፥ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር በሚባለው ደጃፍ ይሰየማል። ዳኞቹ ስምንት ናቸው፤ እያንዳንዱም የአንድ መስኖ ቦይ ተወካይ ነው። የሚመርጧቸው ከዚያው ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች ሲሆኑ፥ ተመራጩም ራሱ መሬት የሚያርስ ሰው መሆን ይገባዋል። የሕግ ትምህርት አይጠየቅባቸውም። የገበሬ ጥቍር ሸማ ለብሰው በእንጨትና በቈዳ በተሠሩ ወንበሮች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ችሎት አስከባሪው የየቦዩን ስም እየጠራ ተከሳሾቹን ይጠራል። ተራውን ሳይጠብቅ ያጠጣ፥ ቦዩን ሳይጠርግ የቀረ፥ ትርፍ ውሃ ለቆ የጎረቤቱን ማሳ ያበላሸ ሰው ቢኖር ቆሞ ይከሰሳል። ጠበቃ የለም፤ ማመልከቻ የለም፤ ነገሩ ሁሉ በአፍ ይነገራል፤ በጽሑፍ የሚቀረው ፍርዱ ብቻ ነው፤ ይግባኝም አይባልበትም። ተከሳሹ የሚያጠጣበት ቦይ ዳኛ በፍርዱ አይገባም፤ እንዲያውም ተከሳሹ ከወንዙ ቀኝ የሆነ እንደ ሆነ የፍርዱን አሳብ የሚያቀርቡት ከወንዙ ግራ ያሉት ዳኞች ናቸው።

በአንድ ሐሙስ ቀን እኔም ከሌሎች እንግዶች ጋር በዚያ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ስምንቱ ቦዮች ተራ በተራ ተጠሩ፤ ከሳሽ አልተገኘም፤ ዳኞቹም ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥተው ሄዱ። በአጠገቤ የነበሩ አንዳንድ ጎብኚዎች የሚያዩት ነገር በማጣታቸው ቅር ተሰኙ። እኔ ግን የገረመኝ ይኸው ነበር፤ ጠብ ቢኖርም ባይኖርም ችሎቱ በየሳምንቱ ይሰየማል።

የሸንጎው ዕድሜ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። የአገሩ ሰዎች በኮርዶባ ኸሊፋዎች ዘመን በ960 ተመሠረተ ብለው በ1960 የሺሕ ዓመት በዓል አክብረውለታል። ይህ ቀን በጽሑፍ ማስረጃ የጸና አይደለም። ይሁን እንጂ የአራጎን ንጉሥ ቀዳማዊ ሃይሜ ከተማይቱን በ1238 ከእስላሞች እጅ ከያዙ በኋላ ውሃው በቀድሞው ዘመን እንደ ነበረው ልማድ እንዲታደል ማዘዛቸው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ የውሃ ማካፈሉ ሥርዐት ከእርሳቸው በፊት እንደ ነበረ አያጠራጥርም። የቦዩ ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ በእስፓንኛ «አሴኪያ» የሚባለው ከዐረብኛው «ሳቂያ» የመጣ ነው። ቶማስ ግሊክ በ1970 ባሳተሙት ጥናት ይህን የመካከለኛ ዘመን መስኖ በሰፊው መርምረዋል፤ ኤሊኖር ኦስትሮምም በ1990 ስለ ጋራ ንብረት አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ የቫሌንሲያን ገበሬዎች በምሳሌነት አቅርበዋል። ዩኔስኮ በ2009 ሸንጎውን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ለማኅበራችን አባሎች አንድ ነገር በዚህ ላይ መጨመር ተገቢ ይመስለኛል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በልማድ መስኖ በሚያጠጡ ገበሬዎች ዘንድ «የውሃ አባት»፥ በትግርኛም «ኣቦ ማይ» የሚባል ተመራጭ እንዳለ የታወቀ ነው። ተራ ያወጣል፤ ቦይ ያስጠርጋል፤ የጣሰውን ይቀጣል። የውሃ አባቱ ሥልጣን ከቫሌንሲያው ዳኛ ሥልጣን ጋር በብዙ ረገድ ይመሳሰላል። ልዩነታቸው የቫሌንሲያው ሸንጎ ከባላገሩ ተነሥቶ በከተማው መካከል፥ ያውም በካቴድራሉ ደጃፍ መቀመጡ ነው። የወንዝ ነገር በአደባባይ የሚፈረድ መሆኑን የከተማው ሰው፥ አራሽ ያልሆነው ጭምር፥ በየሳምንቱ ያየዋል።

ሁለተኛው ሸንጎ የመከላከያው ነው። በ1358 ከመጣ ከባድ ጎርፍ በኋላ የከተማው ግንብና ቦይ ሥራ ድርጅት ተቋቋመ። አመራሩ የካህናት፥ የመኳንንትና የከተማው ነዋሪዎች ወገኖች ተወካዮች በጋራ የሚቀመጡበት ነበር፤ ገንዘቡም ከሕዝብ በሚሰበሰብ ግብር ይመጣ ነበር። ከ1589 ጎርፍ በኋላ ደግሞ «አዲሱ የወንዝ ሥራ ድርጅት» ተባለና ለወንዙ ብቻ የሚሠራ ሌላ ቅርንጫፍ ወጣለት። ዛሬ በመናፈሻው ግራና ቀኝ የሚታየው የድንጋይ ግንብ፥ የባሕር ድልድይና የንጉሥ ድልድይ የሚባሉትም ጭምር፥ የዚህ ድርጅት ሥራ ናቸው። ስለዚህ መናፈሻውን የሚያጥረው ድንጋይ በሕዝብ ግብር የተገነባ መሆኑን ልብ ይሏል። የከተማው ሰው በኋላ ዘመን «ወንዙ የኛ ነው» ሲል እንዲያው የስሜት ቃል አልተናገረም፤ አያት ቅድመ አያቱ የከፈለበት ነበር።

ከሸንጎዎቹ ውጭ ደግሞ የዕለት ኑሮው አለ። የወንዙ መውረጃ ሰፊ፥ ብዙውን ጊዜም ደረቅ በመሆኑ የከብት ገበያ ይቆምበት፥ ልብስ ይታጠብበት፥ ልጆች ይጫወቱበት ነበር። ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በነበረው የረኀብ ዘመን ደግሞ ቤት ያጡ ድኾች በዚያው በጠጠሩ ላይ ጎጆ ቀለሱ። በመስከረም 1949 የመጣው ደራሽ እነዚህን ጎጆዎች ጠራርጎ ብዙ ሰው ገደለ። ይህ ጎርፍ ዛሬ ብዙ አይወሳም፤ የሞቱት በከተማው መዝገብ የማይቈጠሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ይመስለኛል። ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣው ግን የሀብታሙንም ቤት የሚመለከት ሆነ።

ጥቅምት 14 ቀን 1957 ወንዙ ሁለት ጊዜ ሞላ፤ መጀመሪያ በሌሊት፥ ሁለተኛም በቀን። ሁለተኛው ሙላት ከመጀመሪያው የበረታ ሲሆን በሴኮንድ 3,700 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንደ ወረደ ተገምቷል። የከተማው አብዛኛው ክፍል በውሃና በጭቃ ተዋጠ፤ ቢያንስ 81 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ጊዜ አገሪቱ በጄኔራል ፍራንኮ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ቅሬታውን የሚናገርበት መንገድ አልነበረም። ቢሆንም ድምፅ አልጠፋም። የከተማው ከንቲባ ቶማስ ትሬኖር የማዕከላዊው መንግሥት ርዳታ መዘግየቱን በግልጽ ተናገሩ፤ የላስ ፕሮቪንሲያስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ማርቲን ዶሚንጌስም በዚሁ ነገር ጸኑ። ሁለቱም በ1958 ከሥራቸው ተነሡ። ከንቲባውም ሆኑ ጋዜጠኛው የአገዛዙ ተቃዋሚዎች አልነበሩም፤ ከንቲባው እንዲያውም በአገዛዙ የተሾሙ ባላባት ነበሩ። ስለ ወንዝ የሚደረግ ሙግት በሌላ ነገር ዝም የሚለውን ሰው ሁሉ የሚያናግር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መንግሥት በበኩሉ የደቡብ ዕቅድ የተባለውን ሥራ በ1958 አጸደቀ፤ በ1961 ሕግ ወጣለት። በዕቅዱ መሠረት ወንዙ ከከተማው በላይ ተጠልፎ 12 ኪሎ ሜትር በሚረዝም፥ 175 ሜትር በሚሰፋ አዲስ መውረጃ በስተደቡብ በኩል ወደ ባሕር እንዲገባ ሆነ። አዲሱ መውረጃ በሴኮንድ 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያሳልፍ ታስቦ ተቈፈረ፤ ሥራውም በ1960ዎቹ ዓመታት ተካሂዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተፈጸመ። ወጪው በከፊል ከነዋሪው ተሰብስቧል። ከቫሌንሲያ የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ከተለመደው ቴምብር በላይ የ25 ሴንቲሞ ልዩ ቴምብር እንዲለጠፍበት ተደነገገ፤ ይህም ለብዙ ዓመታት ቆየ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለእናቱ ደብዳቤ የጻፈ ወታደር እንኳ ወንዙን በማዞር ሥራ ባለ ድርሻ ሆነ ማለት ነው። በ1358 የተጀመረው የግንብ ግብር መልኩን ለውጦ የተመለሰ ይመስላል።

በደቡብ ያሉት ግን በሴንቲሞ ብቻ አልከፈሉም። አዲሱ መውረጃ የተቈፈረው «ኦርታ» በሚባለው የጥንት መስኖ እርሻ መካከል ነበር። ከዐረቦች ዘመን ጀምሮ ሲታረስ የኖረ ለም መሬት ተወሰደ፤ የገበሬ ቤቶች ፈረሱ፤ ላ ቶሬን የመሰሉ የከተማው ዳርቻ መንደሮች በአዲሱ መውረጃ ተቈርጠው ከከተማው ተለዩ። ሐሙስ ሐሙስ በካቴድራሉ ደጃፍ የሚሰየመው ሸንጎ በዚህ ላይ ሥልጣን አልነበረውም፤ አንድ ገበሬ ትርፍ ውሃ ሲለቅ ይቀጣል፤ መንግሥት ወንዙን ሲያዞር ግን የሚከሰስበት ደጃፍ አልተገኘም። የልማድ ሸንጎዎችን የምናደንቅ ሰዎች ይህን ወሰናቸውን ጭምር መመዝገብ ይገባናል።

እንግዲህ ከተማይቱ በመካከልዋ ባዶ የወንዝ መውረጃ ቀረላት። ምን ይደረግበት? በ1966 የጸደቀው የከተማው ንድፍ ለትራንስፖርት መድቦት ነበር። ከማድሪድ የሚመጣው አውራ ጎዳና በዚያው ገብቶ እስከ ወደቡ እንዲደርስ ታሰበ። በዚያ ዘመን አስተያየት ይህ ምክንያታዊ አሳብ ነበር። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ቤት ማፍረስ አያስፈልግም፤ ከመንገዱ ደረጃ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ መኪናው ያለ መስቀለኛ ያልፋል። በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞችም የወንዝ ዳር ሁሉ በዚያ ጊዜ ለመኪና ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ያቀዱትን ሰዎች እንደ ክፉዎች መቍጠር ታሪክን ማቅለል ነው። የሳቱት አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፤ መሬቱ ባዶ መስሏቸው ነበር።

የከተማው ሰው በዚህ አልተስማማም። በ1964 የወጣው የማኅበራት ሕግ የቤተ ሰብ አባወራዎች ማኅበር እንዲቋቋም ይፈቅድ ነበር፤ በኋላም የየሠፈሩ ነዋሪዎች ማኅበራት በዚህ ቀዳዳ እየገቡ በዙ። የፖለቲካ ስብሰባ በተከለከለበት አገር ስለ ፍሳሽ፥ ስለ መብራት፥ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ዛፍ መነጋገር ይቻል ነበር። የእኛም ዕድር ለቀብር ተቋቁሞ በአዲስ አበባ ሠፈሮች የመንገድና የውሃ ጕዳይ ሲያነሣ እንደ ታየው፥ ለአንድ ትንሽ ነገር የተሰበሰበ ሰው ወደ ትልቁ ነገር መድረሱ አይቀርም። ከእነዚህ ማኅበራት ጋር የሥነ ሕንፃ ሰዎች፥ ተማሪዎችና ጋዜጠኞች ተባበሩ፤ ላስ ፕሮቪንሲያስ ጋዜጣም ዐምዱን ለነገሩ ከፈተ። በዚያው ዓመታት በከተማው ደቡብ በኤል ሳሌር ያለው የባሕር ዳር ደን ለግል ቤቶች መሸጡን የሚቃወም ሌላ ዘመቻ ተነሥቶ ነበር፤ ሁለቱም ርስ በርስ ተደጋገፉ።

የዘመቻው መፈክር በአማርኛ ሲመለስ «የቱሪያ መውረጃ የኛ ነው፤ አረንጓዴም ሆኖ እንፈልገዋለን» የሚል ነበር። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ለባህል ጥናት ሰው ሁለት የሚመረመሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ መፈክሩ የተነገረው በእስፓንኛ ሳይሆን በአገሩ በቫሌንሲያ ቋንቋ ነው፤ ይህ ቋንቋ በፍራንኮ ዘመን ከጽሕፈት ቤትና ከትምህርት ቤት ተወግዶ በገበሬውና በጓዳ ቀርቶ ነበር። የውሃ ዳኞች ሸንጎ ግን ችሎቱን ሲያካሂድበት የኖረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለ ወንዝ የሚናገሩ ሰዎች የወንዙን የፍርድ ቋንቋ መምረጣቸው ታስቦበት ይሁን ሳይታሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለተኛው፥ መፈክሩ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ባለቤትነት ነው፤ አረንጓዴነቱ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። ስለ ዛፍ የተደረገ ዘመቻ ብቻ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች የዐረፍተ ነገሩን የፊት ግማሽ አላነበቡትም።

ጄኔራል ፍራንኮ በኅዳር 1975 ከሞቱ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ በ1976 ቫሌንሲያን በጐበኙ ጊዜ የአሮጌው መውረጃ መሬት ከመንግሥት ይዞታ ወጥቶ ለከተማይቱ እንዲሰጥ ሆነ። የጐብኚዎች መምሪያ «ንጉሡ ሰጡ» የሚለው ይህን ነው። እውነት ነው፥ ሰጥተዋል። ነገር ግን አዲስ ንጉሥ ወደ አንዲት ከተማ ሲገባ ሕዝቡ ምን እንደሚለምነው አስቀድሞ ባይታወቅ ኖሮ ምን ይሰጥ ነበር? ስጦታው የተቀበለው ልመና ነው። ከዚህም በላይ ስጦታው የመኪናውን መንገድ ወዲያው አላስቀረውም፤ ነገሩ የተቈረጠው በ1979 በተደረገው የመጀመሪያ ነጻ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ነው። ከዚያ በኋላ ከንቲባ የሆኑት ሪካርድ ፔሬስ ካሳዶ መውረጃው መናፈሻ እንዲሆን ቈርጠው ተነሡ።

የንድፉን ታሪክ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ በሌሎች ዘንድ ብዙ ተጽፎበታልና። የባርሴሎናው ነዳፊ ሪካርዶ ቦፊል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለመውረጃው ሙሉ ንድፍ አቀረቡ፤ የዘንባባና የብርቱካን ረድፍ፥ የውሃ ገንዳና የጥንት ቤተ መንግሥት የሚመስል አሠላለፍ ነበረው። ከተማው በዚህ ተከፋፈለ። ለአንዳንዱ ውብ ሆኖ ታየው፤ ሌላው ደግሞ ደን እንጂ የንጉሥ አደባባይ አልጠየቅንም አለ። በመጨረሻ መውረጃው በክፍል በክፍል ተከፍሎ ለልዩ ልዩ ነዳፊዎች ተሰጠ፤ የቦፊል እጅ በግልጽ የሚታየው በ1987 በተከፈተው የሙዚቃ አዳራሽ አካባቢ ነው። ዛሬ አንዱን ክፍል ጨርሶ ወደ ሌላው የሚገባ ሰው ከአንድ መናፈሻ ወደ ሌላ መናፈሻ የተሻገረ ይመስለዋል። ነዳፊዎች ይህን እንደ ጕድለት ይቈጥሩታል። ለእኔ ግን የሙግቱ ምልክት ሆኖ ይታየኛል፤ ማንም ብቻውን አልረታም። በ1990 ለልጆች መጫወቻ የተሠራው የጋሊቨር ግዙፍ ምስል ተኝቶ በሆዱና በፀጕሩ ላይ ልጆች ይንሸራተቱበታል፤ ከንድፎቹ ሁሉ ሕዝቡ ሳይከራከር የተቀበለው ይህን ይመስለኛል።

በታችኛው ጫፍ ያለው ነገር ሌላ ጠባይ አለው። ከ1998 ጀምሮ በየጊዜው የተከፈተው የሥነ ጥበብና የሳይንስ ከተማ የተባለው የሕንፃዎች ጉባኤ በመውረጃው ላይ ነው የቆመው። ነጫጭ ሕንፃዎቹ በዓለም ታዋቂ ሆነዋል፤ ወጪያቸውም መጀመሪያ ከታሰበው ብዙ እጥፍ ደርሷል። የቦታው ጠባይም ተለወጠ፤ ከላይ በኩል ያለው መናፈሻ ለነዋሪ የተሠራ ሲሆን ይህኛው ለእንግዳ የተሠራ ነው። ከእርሱ ጀርባ፥ መውረጃው ባሕር በሚደርስበት ቦታ፥ ናሳሬት የሚባለው የዓሣ አጥማጆችና የወዛደሮች ሠፈር አለ። ይህ ሠፈር በወደቡ መስፋፋት የባሕር ዳሩን አጣ፤ የአሮጌው መውረጃ የመጨረሻ ክፍልም ሌላው ሁሉ ከለማ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይሠራ ቀረ። የሠፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር በዚህ ጕዳይ ያለማቋረጥ ሲያመለክት ኖሯል። «ወንዙ የኛ ነው» የተባለው ቃል በከተማው መካከልና በጫፉ እኩል አልተፈጸመም።

ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2019 በአዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በሚወርዱ ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት ታቅዶ ሥራ ተጀምሯል። ከዚህ በፊት ወንዞቻችን ቀበናም ሆነ ባንተይቀጡ የሠፈር ወሰን፥ የልብስ ማጠቢያ፥ የድኻ መጠጊያና ቍሻሻ መጣያ ሆነው ኖረዋል፤ ይህም የቱሪያን የ1949 ሁኔታ ያስታውሰኛል። በየወንዙ ዳር የኖረው ሰው ስለ ወንዙ ምን ልማድ ነበረው፥ ማን ይጠርገው፥ ማን ይቈጣጠረው ነበር የሚለው በእኛ ማኅበር ገና በሚገባ አልተጠናም። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ተማሪዎቻችን ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

ወደ ቫሌንሲያ ልመለስ። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከ2024 በፊት ቢሆን ኖሮ በመናፈሻው ውበት ሊጨርሰው ይችል ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 2024 ግን ከከተማው በስተደቡብና በስተምዕራብ ባለው አገር እጅግ ብዙ ዝናብ ወረደ። ፖዮ የሚባለው ሸለቆ፥ ብዙውን ጊዜ ውሃ የማይታይበት፥ ሞልቶ ፓይፖርታን፥ ካታሮሃን፥ ማሳናሳን፥ አልፋፋርንና ሌሎችንም ከተሞች አጥለቀለቀ። የመንግሥት ማስጠንቀቂያ በሕዝቡ ስልክ የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ሲሆን፥ ያን ጊዜ በብዙ ቦታ ውሃው ቀድሞ ገብቶ ነበር። በቫሌንሲያ አውራጃ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያች ሌሊት የ1960ዎቹ አዲስ መውረጃ የቱሪያን ሙላት ተሸክሞ ወደ ባሕር አደረሰው፤ የከተማው እምብርት ዳነ፤ በአሮጌው መውረጃ ውስጥ ያሉት ዛፎችም በደረቅ መሬት ቆመው አደሩ። ከአዲሱ መውረጃ በስተደቡብ የቀረችው ላ ቶሬ ግን የከተማይቱ ክፍል ሆና ሳለ ሰጠመች።

የፖዮ ሸለቆ ከቱሪያ የተለየ ስለ ሆነ ደቡቡ የሰጠመው ወንዙ በመዞሩ ብቻ ነው ማለት ትክክል አይሆንም። ሸለቆው በ1957ም የራሱ ጠባይ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በዳርቻው ቤት፥ ፋብሪካና መንገድ እንዲሠራ የፈቀዱት ሌሎች ናቸው። ሆኖም በ1958 ከተማይቱን ለማዳን የተሠመረው መሥመር የዳነውንና ያልዳነውን የሚለይ መሥመር ሆኖ መታየቱን የሚክድ የለም። ለመናፈሻው ከሞገቱት ሰዎች አብዛኞቹ በመሥመሩ ሰሜን የሚኖሩ ነበሩ፤ ባዶ የተገኘላቸው መሬት በሌላ ሰው እርሻ መጥፋት የተገኘ ነው። ይህን በማለቴ ሙግታቸው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ባይሟገቱ ኖሮ ገበሬው መሬቱን አጥቶ ከተማውም መኪና ብቻ ባተረፈ ነበር። ነገር ግን «የኛ» የሚለው ቃል እነማንን እንደሚይዝ በ1970ዎቹ ዓመታት የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ከጎርፉ በኋላ በነበሩት ቀናት ከከተማው የሳን ማርሴሊኖ ሠፈር ወደ ላ ቶሬ በአዲሱ መውረጃ ላይ የሚያሻግረው የእግረኞች ድልድይ በሰው ተጨናነቀ። አካፋና መጥረጊያ፥ ባልዲና የመጠጥ ውሃ የተሸከሙ፥ አብዛኞቹም ወጣቶች የሆኑ ሰዎች በማንም ሳይታዘዙ ጧት ጧት ወደ ደቡብ እየተሻገሩ ከየቤቱ ጭቃ ይጠርጉ፥ ማታም እስከ ጕልበታቸው ጭቃ ለብሰው ይመለሱ ነበር። ሕዝቡ ድልድዩን የአንድነት ድልድይ ብሎ ጠራው። በ2025 ደግሞ በተጎዱት ከተሞች ነዋሪዎች በየአካባቢያቸው የአደጋና የመልሶ ግንባታ ኮሚቴዎችን አቋቁመው ስለ ሸለቆው በሚወሰነው ነገር ሁሉ ድምፅ እንዲኖራቸው መጠየቅ ጀምረዋል።